የ5 ወር እርጉዝ ነኝ፣ ተራራ መውጣቱን ላቁም ወይስ ልቀጥል?

ሀይከሯ፦

ሰላም እህቶች እንዴት ናችሁ፣ እዚህ ቤት ልጅ ወልዳችሁ ያሳደጋችሁ ብዙ ስላላችሁ መልስ አላጣም ብዬ ነው የመጣሁት። አዲስ አበባ ነው የምኖረው፣ ከማግባቴ በፊት ጀምሮ ቅዳሜ ወይ እሁድ ሀይኪንግ ካልወጣሁ ሳምንቱ ያለቀ አይመስለኝም፣ እንጦጦ፣ የረር፣ ወጨጫ፣ መናገሻ ሱባ፣ ዝቋላ ብቻ ደርሶ መልስ የሚሆነውን ሁሉ ከግሩፓችን ጋር ወጥተን ወርደነዋል፣ ባለቤቴንም ያገኘሁት እዛው መንገድ ላይ ነው። አሁን የመጀመሪያ ልጄን እርጉዝ ነኝ፣ 5ኛ ወሬን ይዣለሁ። በፊት ማቅለሽለሹ ከአልጋ አላስነሳ ብሎኝ የትም አልሄድኩም፣ አሁን ግን ተመስገን ለቆኛል፣ ምግብም እየበላሁ ነው ጉልበቴም ተመልሷል፣ እና ውጪ መውጣት በጣም አምሮኛል።

ቤተሰብ ግን አልተስማማም። እናቴ በደወለች ቁጥር "ሁለት ነፍስ ይዘሽ ነው ገደል ለገደል የምትሄጂው?" ትለኛለች፣ አማቴ ደሞ ብርድ ይገባሻል፣ ምች ይመታሻል፣ አርፈሽ ተቀመጪ ነው። በፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ውሃ ልቅዳ ብዬ ስነሳ እንኳን "ተቀመጪ" የሚባልበት ቤት ሆኗል። ባለቤቴ ራሱ እየፈራ ነው። ዶክተሩን ስጠይቀው "ራስሽን አታድክሚ" ብሎ አለፈኝ፣ ውጪ ወረፋው ረጅም ስለነበር ዘርዝሬ ለመጠየቅ አልተመቸኝም።

ግሩፑ በሚቀጥለው ወር ወንጪ ይሄዳል፣ ከዛ ደሞ ባሌ ተራሮች ሄደው ሳነቴ ላይ ድንኳን ተክለው ሊያድሩ ነው። የቱ ይቻላል የቱ አይቻልም? ከወለድኩ በኋላስ ወደ ውጪ የሚመለሰው መቼ ነው፣ ከህፃን ጋር የምትወጡ ካላችሁ እንዴት እንደምታደርጉት ንገሩኝ። እውነቱን ለመናገር የምፈራው መውለዱን አይደለም፣ ከወለድኩ በኋላ ይሄ ሁሉ የሚቀርብኝ እየመሰለኝ ሌሊት እንቅልፍ እያጣሁ ነው።

አዋላጇ፦

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። አዋላጅ ነርስ ነኝ፣ ጤና ጣቢያ የእርጉዝ ክትትል ክፍል ነው የምሰራው፣ ይሄ ጥያቄ ሁሌም ይመጣል ግን በረንዳው ላይ የሚጠብቀው ሰው ብዛት አይቶ አብዛኛው ሰው ሳይጠይቅ ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልሽ።

ክትትልሽ ደህና ከሆነ መራመድ አታቁሚ። ይመከራል እኮ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ እርጉዝም የወለደችም ሴት የሚከለክላት ነገር ከሌለ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ብታደርግ ይላል፣ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ይቆጠራል። በእርግዝና የሚመጣውን ስኳርና የደም ግፊት ይቀንሳል፣ ክብደት ከልክ በላይ እንዳይጨምር ይረዳል። አንቺ ደሞ ድሮም የለመድሽ ስለሆንሽ ከዜሮ እየጀመርሽ አይደለም።

ግን "ደህና ከሆነ" ያልኩትን እንዳታልፊው። ደም የሚታያት፣ የእንግዴ ልጁ ወደ ታች ወርዶ የማህፀን በሩን የሸፈነባት፣ ግፊቷ ከፍ ያለ፣ የማህፀን በሯ የተሰፋላት፣ ምጥ ያለጊዜው የጀመራት፣ ከባድ ደም ማነስ ያለባት፣ የልብ በሽታ ያለባት ሴት ከሆነች ተራራ ቀርቶ ረጅም መንገድም ከሐኪም ጋር ሳትነጋገር አትሄድም። ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮሽ "ራስሽን አታድክሚ" ቢልሽ ዝም ብለሽ አትውጪ፣ ሁለት ነገር ጠይቂ፣ አልትራሳውንዱ ላይ እንግዴ ልጁ የት ነው ያለው እና ሄሞግሎቢኔ (የደም ማነስ የሚታይበት ቁጥር) ስንት ነው ብለሽ። ሁለቱም ካርድሽ ላይ ይኖራሉ፣ መልሱ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የአይረን ኪኒኑን እየዋጥሽ እንደሆነም ራስሽን ጠይቂ፣ ሆድ ያደርቃል ብለው ብዙዎቹ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት።

አሁን ወደ ተራራው። እኔን የሚያሰጋኝ መውጣቱ ሳይሆን መውረዱ ነው። ሆድ ሲገፋ ሚዛንሽ ወደፊት ያደላል፣ ጅማቶችሽ በሆርሞኑ ምክንያት ይላላሉ፣ እግርሽ የት እንደምታሳርፊ ሆድሽ ይጋርድሻል፣ እና ቁልቁለት ላይ ጠጠር ካንሸራተተሽ በሆድሽ ልትወድቂ ትችያለሽ። ሆድ ላይ ከተመታሽ እንግዴ ልጁ ከማህፀን ግድግዳ ሊላቀቅ ይችላል፣ ይሄ የእናትንም የልጅንም ህይወት የሚያሰጋ ነገር ነው። ስለዚህ ዱላ ያዢ፣ ጫማሽ መሬት የሚቆነጥጥ ይሁን፣ ሰፊና ደረቅ መንገድ ምረጪ። ከወደቅሽ ደሞ ምንም ባያምሽም በዛው ቀን ሆስፒታል ሄደሽ ታዪ፣ እስከ ነገ ልጠብቅ የሚባል ነገር የለም።

ከፍታው ላይ፣ አዲስ አበባ ራሷ ወደ 2,400 ሜትር አካባቢ ናት፣ እንጦጦ 3,200 ይደርሳል፣ እዚህ ስለምትኖሪ ሰውነትሽ ለምዶታል፣ ቀስ እያልሽ ብትወጪ ብዙ አያሳስበኝም። መለኪያሽ ወሬ ነው፣ እየሄድሽ ከጎንሽ ካለው ሰው ጋር ዓረፍተ ነገር ጨርሰሽ ማውራት ካቃተሽ ፍጥነት ቀንሺ። ሳነቴ ግን ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ እዛ ማደር ማለት ኦክስጅኑ ባነሰበት ሌሊቱን ሙሉ መተኛት ነው፣ ብርዱም ከባድ ነው፣ የሆነ ነገር ቢፈጠር ወደ ጎባ ለመውረድ መኪና ያስፈልጋል፣ ስልክ ላይሰራ ይችላል። ይሄኛው ዘንድሮ ይቅርብሽ። ወንጪ ሂጂ፣ ግን ሐይቁ ድረስ ወርዶ መውጣቱን ለግሩፑ ተዪለት፣ አንቺ ከላይ ጠርዙ ላይ ተጓዢ፣ ፈረስና በቅሎ ላይ ደሞ በፍፁም እንዳትወጪ፣ የቱንም ያህል ረጋ ያለ ነው ቢሉሽ።

"ታዲያ ዝቅ ወዳለ ቦታ ልሂድ" ካልሽ ደሞ ላንጋኖ አርባ ምንጭ ሀዋሳ የወባ ነገር አለ። ከ2,000 ሜትር በታች ስትወርጂ ወባን አስቢ፣ እርጉዝን ክፉኛ ነው የሚይዛት፣ አጎበር ሳትይዢ አትደሪ፣ ከተመለስሽ በኋላ ትኩሳት ከተሰማሽ የት እንደነበርሽ ለሐኪም ንገሪ።

ጉዞ አቁመሽ ወደ ሐኪም የምትሄጂው ደም ካየሽ፣ የሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ ሆድሽ እየቆየ በየተወሰነ ጊዜ እየጨበጠ ካመመሽ፣ ራስ ምታቱ አልለቅ ካለ ወይም ዓይንሽ ላይ ብዥ ካለብሽ፣ ደረትሽን ካመመሽ፣ አንዱ ባትሽ አብጦ ካመመሽ፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰብሽ ነው። ይሄንን ለባለቤትሽም አስነብቢው።

የአራት_ልጆች_እናት፦

ልጄ ማርያም በሽልም ታውጣሽ። እኔ ገጠር ነው ያደግኩት፣ እስከ መውለጃዬ ቀን ድረስ ወንዝ ወርጄ ውሃ በእንስራ ተሸክሜ ዳገቱን እወጣ ነበር፣ ማገዶም እለቅማለሁ እህልም እፈጫለሁ፣ አራቱንም በሰላም ወልጃለሁ። የዛሬ ልጆች ከመኪና ወደ ሊፍት ከሊፍት ወደ ወንበር ስለሆናችሁ ነው ይሄ ሁሉ ፍርሃት የመጣው። ሂጂ ምንም አትሆኚም። ከወለድሽ በኋላ ግን ስሚኝ፣ 40 ቀን ከአራስ ቤት ንቅንቅ እንዳትይ፣ ገንፎሽን በቅቤ ብይ አጥሚትሽን ጠጪ፣ ወገብሽ ካልጠገነ በኋላ ማንም አይጠግነውም።

አዋላጇ፦

እናቴ አክብሮቴ ይድረስዎት፣ ምርቃቱም ለሁላችንም ይሁን። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ሸክምና የእግር ጉዞ አንድ አይደሉም። እርስዎን እግዜር አውጥቶዎታል፣ ግን እንደዛ ከባድ ሸክም በእርግዝናም በአራስነትም ተሸክመው ማህፀናቸው ወደ ታች የወረደባቸው እናቶች አሉ፣ ለዓመታት አፍረው ደብቀውት ኖረው ነው የሚመጡት፣ ሲናገሩ ዓይናቸው እንባ ያቀራል። ከእንጦጦ እንጨት አዝለው የሚወርዱት እናቶችም ወደው እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ሀይከሯ እህቴ ቦርሳሽን ለሌላ ሰው ስጪ፣ ውሃና ቆሎ ብቻ ያዢ።

አራስ ቤቱ ላይ ግን ከእርስዎ ጋር ነኝ፣ እረፍት፣ ምግብ፣ ልጅ የሚይዝ ሰው፣ ይሄ ወግ በጣም ጥሩ ነው። የምጨምረው አራስ ማለት አልጋ ላይ ብቻ የምትውል ማለት እንዳይሆን ነው፣ ከወሊድ በኋላ እግር ላይ ደም የመርጋት አደጋ አለ፣ ስለዚህ ቤት ውስጥ ግቢ ውስጥ ቀስ ብላ ወዲያ ወዲህ ትበል፣ በኦፕራሲዮን የወለደችም ጭምር።

የማሙሽ_እናት፦

ውዴ ጥያቄሽን ሳነብ ልቤ ነው የተነካው፣ ምክንያቱም ያ "ሁሉ ነገር የሚቀርብኝ ይመስለኛል" ያልሽውን እኔም ማታ ማታ ነበር የማስበው። ልጄ አሁን ዓመት ሊሞላው ነው፣ እና አብረን እንወጣለን፣ ልንገርሽ።

እርጉዝ ሆኜ የቀየርኩት ቦታውን ነው። የረርና ወጨጫን ተውኩና ጉለሌ የእፅዋት ማዕከልና እንጦጦ ፓርክ ውስጥ ያሉትን መንገዶች ያዝኩ፣ ጥላ አለ፣ ማረፊያ አለ፣ ሽንት ቤት ደሞ አለ፣ ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ 7ኛ ወር ላይ ሽንት ቤት የሌለበት ቦታ ግማሽ ሰዓት መቆየት አይቻልም። ጠዋት በጊዜ እንወጣለን ፀሐዩ ሳይከር እንመለሳለን። ሐምሌና ነሐሴ ጭቃው ስለሚያንሸራትት አስፋልት ላይ ብቻ ነበር የምሄደው፣ አሁን በኮሪደር ልማቱ የተሰሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ለዛ ደህና ናቸው። ከግሩፑ ጋር ረጅሙን መንገድ ባልሄድም መነሻው ላይ አብሬ ቁርስ በልቼ የራሴን አጭሩን ዞሬ መኪናው ጋ እጠብቃቸው ነበር፣ ከሰዎቹ አለመቆረጤ ነው የጠቀመኝ፣ እኔ እንደውም ከተራራው በላይ የናፈቀኝ ሰው ነበር።

ከወለድኩ በኋላ እናቴ መጥታ አራስ ቤቱን አስተካክላ ነው የያዘችው። መጀመሪያ ግቢ ውስጥ ብቻ፣ ጠዋት ጠዋት ልጁን ፀሐይ ለማሞቅ ስወጣ እኔም እዛው ወዲያ ወዲህ እል ነበር። ክርስትናው በ40 ቀኑ ሆነ፣ ከዛ በኋላ ሰፈር ውስጥ አጠር ያለ መንገድ ጀመርን። ሩጫ ግን ከ3 ወር በፊት እንዳትሞክሪ፣ ሲያስነጥስሽ ወይ ስትስቂ ሽንት የሚያመልጥሽ ከሆነ ወይ ከታች የሚከብድሽ ነገር ካለ ገና ነሽ ማለት ነው፣ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ ወላድ ስለሆንኩ ነው ብለሽ ችለሽው እንዳትኖሪ።

አያያዙን በተመለከተ፣ ህፃን እያለ ፊት ለፊት ደረቴ ላይ ነበር፣ ፊቱ ሁሌም መታየት አለበት፣ አገጩ ደረቱ ላይ መጣበቅ የለበትም፣ በጋቢ ወይ በነጠላ ፊቱን መሸፈን የሚባል ነገር የለም ምክንያቱም ትንፋሽ ያጥረዋል አንቺም አታዪውም። አንገቱ ከጠና በኋላ ጀርባዬ ላይ በማዘያ ማዘል ጀመርኩ፣ አያቱ አንቀልባ ነው የሰጠችኝ፣ ያ ብረት ያለው የጀርባ ቦርሳ ደሞ ያለ ድጋፍ መቀመጥ ሲችል ነው፣ ከ6 ወር በኋላ አካባቢ። አዝለሽው ስትሄጂ አንድ ነገር እወቂ፣ አንቺ ስለምትንቀሳቀሺ ይሞቅሻል እሱ ግን ዝም ብሎ ስለተቀመጠ ይበርደዋል፣ እንጦጦ ላይ ጠዋት እጅና እግሩን እየነካሁ ነበር የማየው። ቀትር ላይ ደሞ ከፍታ ቦታ ፀሐይዋ ትጠነክራለች፣ ሰፊ ኮፍያ፣ ቀለል ያለ ረጅም እጅጌ፣ ጥላ። ከአዲስ አበባ በጣም ከፍ ወዳለ ቦታ ደሞ እስካሁን አልወሰድኩትም፣ ሲያመው በቃሉ ሊነግረኝ አይችልምና።

ጡት ማጥባት ለሀይኪንግ እንዴት እንደሚመች! ጡጦ የለም፣ ማፍላት የለም፣ ዛፍ ስር ቁጭ ብለሽ ነጠላሽን ጣል አድርገሽ ታጠቢዋለሽ። እናቴ "ፀሐይ የመታው ጡት ሆዱን ያመዋል" ብላ መጀመሪያ ትንሽ አልቤ እንድደፋ ትነግረኝ ነበር፣ ሐኪሟ ግን እንቅስቃሴም ፀሐይም ወተቱን አያበላሸውም ብላኛለች፣ ብቻ ውሃ በደንብ ጠጪ፣ በሶ በጥብጠሽ ያዢ።

ለእናትሽ ደሞ ደራርቱን ጥሪላት። ልጇን እ.ኤ.አ. በ1998 ወልዳ በ2000 ሲድኒ ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ አመጣች፣ በ2009 ኒውዮርክ ማራቶንን ስታሸንፍም እናት ነበረች። ጥሩነሽም እ.ኤ.አ. በ2015 ወልዳ በዓመቱ ሪዮ ላይ ነሐስ አግኝታለች። እኛ እንደነሱ እንሩጥ እያልኩ አይደለም፣ እነሱ አሰልጣኝና ሐኪም ከጎናቸው አለ፣ ግን "ከወለድሽ አበቃ" ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። የእኔ እናት ደራርቱ ስትባል እንደ ራሷ ልጅ ነው የምታያት፣ ዝም ያለችውም ያኔ ነው።

ከፍራንክፈርት፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የወለድኩት ጀርመን ነው፣ እዚህ ደሞ ችግሩ ተቃራኒ ነው፣ ማንም ተቀመጪ አይልሽም ግን ማንም ገንፎ አያገነፋልሽም። የገረመኝ አዋላጇ ከወሊድ በኋላ ቤትሽ ድረስ መምጣቷ ነው፣ መጀመሪያ ላይ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ ልጁን ትመዝናለች ስፌትሽን ታያለች፣ ከዛ ከስድስት ሳምንት በኋላ አካባቢ የሆድና የዳሌ ወለል ጡንቻ የሚያጠነክር ኮርስ አለ፣ ኢንሹራንስ ይከፍልልሻል። ያ ኮርስ ነው ለኔ ሁሉን የቀየረው፣ ተራራ ከመሄዴ በፊት ከውስጥ ነው የተጠገንኩት። እዛ ኮርሱ ባይኖርም ኬግል የሚባለውን ሽንት እንደመቋጠር ያለውን እንቅስቃሴ አዋላጇን ጠይቂያት፣ አሁን እርጉዝ ሆነሽም ይሰራል፣ ገንዘብም አይጠይቅም።

እዚህ እናቶች በዝናብም በብርድም ልጁን ጋሪ ላይ ጠቅልለው ይወጣሉ። እኔም ከሌሎች ሐበሻ እናቶች ጋር ተጠራርተን ታውኑስ ጫካ እንሄዳለን፣ ትልቁ ፌልድበርግ 880 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ለአዲስ አበባ ልጅ ተራራ ሊባል አይችልም ግን ቡናችንን በፔርሙዝ ይዘን ልጆቹን አዝለን ስንወጣ ያ ሳምንት ሙሉ ቤት ውስጥ ብቻዬን ያለቀስኩት ይለቀኛል። በነገራችን ላይ እሱን በቀላሉ እንዳታዪው፣ ከወሊድ በኋላ ሀዘኑ ሁለት ሳምንት አልፎ ካልለቀቀሽ፣ ልጁን ማየት ካስጠላሽ፣ ለሰው ንገሪ፣ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ ተራራ መውጣት ያግዛል እንጂ ብቻውን አያድንም።

አንድ_አባት፦

ወንድ ነኝ ይቅርታ ልግባ። ባለቤትሽ ፈርቷል ስላልሽ ለእሱ ነው የምጽፈው። ወንድሜ የሚያስፈራህ ሳታውቀው የሆነ ነገር ይፈጠራል ብለህ ነው፣ እኔ ፍርሃቴ የቀለለኝ ለክትትል አብሬያት ገብቼ በራሴ ጆሮ ስሰማ ነው። ከዛ በኋላ የኔ ስራ የነበረው ቁልቁለት ላይ ከእሷ በታች ቀድሜ መውረድና እጄን መስጠት፣ ቦርሳውን መያዝ፣ መኪናዋን የምንመለስበት ቦታ ድረስ ማስጠጋት፣ ቅርብ ያለው ሆስፒታል የቱ እንደሆነ ከመውጣታችን በፊት ማወቅ ነበር። የግሩፑ መሪም እርጉዝ መሆኗን ይወቅ፣ ደብቃችሁ እንዳትሄዱ። ልጅ ከመጣ በኋላ ደሞ የማዘሉ ተራ ያንተም ነው፣ እሷ ለሁለት ሰዓት ባዶ እጇን ስትራመድ ፊቷን እየው።

ሀይከሯ፦

እህቶቼ ወንድሜም፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁሉንም ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፣ ቀጠሮዬ ማክሰኞ ነው አብሮኝ ሊገባ ነው፣ ጥያቄዎቹንም ጽፈናቸዋል። ሳነቴን ትቼዋለሁ፣ ቅር ብሎኛል አልዋሽም፣ ግን ተራራው የትም አይሄድም። ለእናቴ ደሞ ጉለሌ አብረሽኝ ነይ አልኳት፣ መጀመሪያ እምቢ አለች፣ ከዛ "ጫማ ምን ላድርግ" ብላ ደወለች።

አዋላጇ አንድ የቀረኝ ጥያቄ፣ ወንጪ ላይ ወደ ቂርቆስ ደሴት የሚሻገረው ጀልባ ላይ መውጣት እችላለሁ? በመኪና ከተወረደ ማለቴ ነው።

አዋላጇ፦

በመኪና ከወረድሽ፣ ነፋስ ከሌለና ላይፍ ጃኬቱ ሆድሽ ላይ ሳይጨንቅሽ በደንብ ከታሰረ ረጋ ብለሽ ተሻገሪ። ስትሳፈሪም ስትወርጂም ሁለት ሰው ይያዝሽ፣ መውደቅ የሚመጣው እዛ ጋ ነው። ላይፍ ጃኬት የለም ካሉሽ ዳር ላይ ቁጭ ብለሽ ጠብቂያቸው። አምቦም ወሊሶም ሆስፒታል አለ፣ በየትኛው መንገድ እንደምትመለሱ ለይታችሁ እወቁ፣ መኪናው ላይ ረጅም ሰዓት ስለምትቀመጪ በየሰዓቱ አስቁሚና ተንቀሳቀሺ፣ ቀበቶውን ከሆድሽ በታች አድርጊው። የክትትል ካርድሽንም ቤት እንዳትተዪው።